«ለውሻ ደሞ ምን መጫወቻ!» ለምትሉኝ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ገጼ ላይ አራት መስመር የማትሞላ ነገር ጽፌ ነበር። «ለቡችላችሁና ለድመታችሁ የምትሰጡትን መጫወቻ መርምሩ» ነው ያልኩት፤ ሌላ ምንም አላልኩም። ኮሜንቱን ያያችሁ አይታችኋል። «ቲቸር፣ ጤፍ ስንት እንደገባ አልሰሙም እንዴ?» «ሰው የሚቀምሰው አጥቶ እርስዎ ለውሻ አሻንጉሊት ይመርጣሉ!» «ቦሌ መኖር እንዲህ ያደርጋል።» አንዱ ደሞ ምንም ሳይጽፍ የሚስቅ ፊት ብቻ ደርድሮልኝ ሄደ። እሱን አውቀዋለሁ፤ አስረኛ ክፍል እያለ ከኋላ ወንበር የማይጠፋ ልጅ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ሻይ ያዙ።

መጀመሪያ «ቦሌ» ላልከኝ ወንድሜ፦ የምኖረው ገርጂ ነው። ከሦስት ተከራይ ጋር አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ እጋራለሁ። በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ደመወዜን ከእኔ እኩል ታውቁታላችሁ። የእንስሳት ሐኪምም አይደለሁም፣ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ግን ይሄን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ነገር ነው።

አምና መቻል የሚባል ቡችላ ነበረን። መንገድ ዳር ቡችላ አቅፈው ከሚሸጡ ልጆች ነው የገዛሁት፣ ለልጄ ለስድስተኛ ዓመት ልደቷ። አራተኛ ወሩን ሲይዝ ቤቱን ማኘክ ጀመረ። ጫማ፣ የወንበር እግር፣ የልጄ ደብተር፣ የባለቤቴ ነጠላ ጫፍ፣ ምንም አልቀረው። የግቢው ሰው ሁሉ «ክፉ ውሻ ነው፣ እሰረው» አለኝ። ክፉ አልነበረም። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፤ እነሱ ይረግፉና 42 ቋሚ ጥርስ ይተካል። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው ሰባት ወር ገደማ እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው። ድዱን ይበላዋል። ሕፃን ልጅ ጥርስ ሲያበቅል ያገኘውን አፉ ውስጥ እንደሚከተው ማለት ነው። ይሄን ክፍል ውስጥ ለሰው ልጅ አስተምራለሁ፤ ለውሻ ሲሆን ግን ለመረዳት ሁለት ጫማ ከፍያለሁ።

እሺ፣ የሚያኝከው ነገር ልስጠው አልኩ። አንድ ማታ መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ መሬት ላይ ከተዘረጋ ሸራ ቢጫ የላስቲክ ዳክዬ አየሁ፣ ሲጫኗት የምትጮኸዋን። ሻጩ ልጅ «ሁለት ከሆነ እቀንስልሃለሁ» አለኝ። ሁለት ገዛሁ። አንዷ ለመቻል። ሁለተኛዋ ለማን እንደሆነች በኋላ እነግራችኋለሁ።

ዳክዬዋ አንድ ቀን አልሞላችም። በማግስቱ ከሥራ ስገባ ተበጣጥሳ አገኘኋት። ቁርጥራጩን ጠርጌ ጣልኩ። ሆዷ ውስጥ የነበረችውን፣ ድምፅ የምታወጣዋን ክብ ፕላስቲክ ግን አልፈለግኳትም። በነጋታው መቻል አስመለሰው። ቀጥሎ ምግብ እንቢ አለ። ከዚያ ውሃም አልቀበልም አለ። እኔስ ምን አልኩ? «ውሻ አይደል፣ ይሻለዋል» አልኩ። ልክ እናንተ ኮሜንት ላይ እንዳላችሁት። በአራተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ስወስደው ራጁ ላይ አንጀቱ ተነፋፍቶ ታየ። «ከትናንት ወዲያ ብታመጣው ጥሩ ነበር» አለኝ ዶክተሩ። ቀዶ ሕክምና ሞከሩለት፤ አልተረፈም። ከአንጀቱ የወጣችው ነገር የአንድ ብር ሳንቲም ታህላለች።

ልጄ አላለቀሰችም። «አባዬ፣ አንተ የገዛህለት ናት?» ብቻ ነው ያለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

አሁን ወደ ክርክራችን።

«ሰው የሚበላው አጥቶ» የሚለውን አልንቀውም። እውነት ነው፤ ከክፍሌ ውስጥ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆች አሉ፣ በስም አውቃቸዋለሁ። ግን ልብ በሉ፣ እኔ ግዙ አላልኩም። አትግዙ ነው የምለው። ያቺን ዳክዬ የገዛኋት ከዚያው ከማትበቃ ደመወዜ ነው። ራጁን፣ መርፌውን፣ ቀዶ ሕክምናውን የከፈልኩት ከጤፍ ላይ ነው። ድሃ ሰው ነው ርካሽና አደገኛ ዕቃ የማይችለው። ሀብታም ሁለቴ ይገዛል፣ ሁለቴ ያሳክማል። እኛ አንዴ ነው የምንችለው። ስለዚህ «ድሃ ስለሆንን አንምረጥ» የሚለው ክርክር ተገልብጦ ነው የቆመው፤ ድሃ ስለሆንን ነው መምረጥ ያለብን።

ሁለተኛው ክርክር «ይሄ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚለው ነው። እንግዲያው የፈረንጁንም ስሙ። ቨርጂኒያ የምትኖር የድሮ ተማሪዬ ያቺን አራት መስመር አይታ በኢንቦክስ ፎቶ ላከችልኝ። ረዘም ቀጠን ያለች፣ ፊቷ ላይ ጭምብል ያጠለቀች የምትመስል፣ ሸለምጥማጥ ነገር። «ቲቸር፣ ይቺን ያውቋታል?» ፌሬት ትባላለች። ጥንት አውሮፓ ውስጥ ጥንቸል ከጉድጓድ እያባረረች እንድታወጣ ነው ያለመዷት። ስሟ ከላቲን «ትንሽ ሌባ» ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ ያገኘችውን ትናንሽ ዕቃ ሰርቃ ሶፋ ሥር ትደብቃለች። ቀኑን አብዛኛውን ተኝታ ታሳልፋለች፤ ስትነቃ ግን የማትገባበት ቀዳዳ የለም። ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው ደሞ ላስቲክና ስፖንጅ ነው። የሪሞት ቁልፍ፣ የጆሮ ማዳመጫ ጫፍ፣ የጫማ ሶል ትነክሳለች፣ ትውጣለች፤ አንጀቷ ቀጭን ስለሆነ ይዘጋል። የተማሪዬ ፌሬት የጆሮ ማዳመጫ ላስቲክ ውጣ በቀዶ ሕክምና ነው የተረፈች። «የከፈልኩትን ብር ብነግርዎት ይደነግጣሉ» አለችኝ። ዛሬ ቤቷ ውስጥ ለፌሬቷ ያላት መጫወቻ ምን መሰላችሁ? ወፍራም የካርቶን ቱቦ፣ ሩዝ የተሞላ ሳጥን እንድትቆፍርበት፣ ክሩ የማይመዘዝ ወፍራም ጨርቅ። ከዶላር አገር የመጣው ምክር ይሄ ነው! ካርቶንና ሩዝ። ቅብጠቱ የቱ ጋ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ እንኳ ለልጆች መጫወቻ አስገዳጅ የደህንነት ደረጃ ሲኖራት፣ ለእንስሳት መጫወቻ ብቻ ብላ ያወጣችው አስገዳጅ ደረጃ የለም። ስለዚህ አንዳንድ ሱቆቻችን ውስጥ ተሰቅሎ የምታዩት ማሸጊያው ላይ የውሻ ፎቶ ያለበት ዕቃ፣ ፎቶው ውሻው እንደፈተነው አያሳይም። ፎቶ ፎቶ ነው። ፈታኙ እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው ክርክር ደሞ ይሄ ነው፦ «የእኛ ውሻ አጥንት ይበቃዋል።» እዚህ ላይ ነው በጣም የምጣላችሁ።

ፋሲካ ሲፈታ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። የዶሮው አጥንት ከነቁሌቱ ተሰብስቦ በሰሃን ለውሻ ይሰጣል፤ ጽድቅ የሠራን ይመስለናል። የተቀቀለ አጥንት ይደርቃል፣ ሲነከስ እንደ እንጨት ይሰነጠቃል፣ ስንጥሩ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የዶሮ አጥንት ደሞ ቀጭን ስለሆነ የባሰ ነው። ቁሌቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። በግ ሲታረድም አይተን የተጠራጠርነውን ሳንባና ጉበት ወደ ውጪ እንወረውራለን። በዚያ በኩል የሚተላለፍ የውሻ ትል አለ፤ ውሻው በልቶ እንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ይጥላል፣ በልጆቻችን እጅ ተመልሶ ቤታችን ይገባል፣ የሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። «አጥንት ይበቃዋል» የምትለዋ ቀላል ንግግር ይሄን ሁሉ ተሸክማለች።

ድመት ላለው ሰው ደሞ ሌላ ጉድ አለ። ድመትና የክር ኳስ! ካርቱኑም ፎቶውም ይሄንኑ ነው የሚያሳየን። ድመት ምላሷ ላይ ወደ ጉሮሮዋ ያዘነበሉ ሻካራ እሾሆች አሏት፤ ክር አንዴ ከያዘች ለመትፋት ይከብዳታል። ትውጠዋለች። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ወይ ሆዷ ውስጥ ይያዝና ሌላው ወደ ታች ሲሄድ አንጀቷን እንደ ሱሪ ገመድ ሰብስቦ ይቆርጠዋል። ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ወጥቶ ካያችሁ በፍጹም አትጎትቱ፤ ይዛችኋት ወደ ሐኪም ሩጡ። የስፌት ክር፣ የስጦታ ሪባን፣ የፌስታል ቁራጭ፣ የፀጉር ላስቲክ ሁሉ አንድ ነው። ፌስታሉን በተመለከተ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ከአዋጁ በኋላ የተወለዱ ልጆች እኔ ክፍል ደርሰው ተመርቀዋል፤ ፌስታሉ ግን ገርጂ አጥር ላይ ዛሬም ተንጠልጥሎ አገኘዋለሁ። ስለዚህ ለድመቴ አዋጅ አልጠብቅም፣ ራሴ ነው የማነሳው።

«ታዲያ ምን እንስጣቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ከሳቅ ይሻላል። እኔ ከመቻል በኋላ የምከተለውን ልንገራችሁ።

መጠኑን እዩ። መጫወቻው ከውሻው አፍ መብለጥ አለበት፤ ከመንጋጋ ጥርሶቹ አልፎ ወደ ጉሮሮ ሊገባ የሚችል ነገር አትስጡ። ትንሽ ኳስ ለትልቅ ውሻ መታነቂያ ነው። ቡችላም ያድጋል፤ ዛሬ የበቃው ከሁለት ወር በኋላ አይበቃም።

ጥንካሬውን በጥፍራችሁ ፈትሹ። በአውራ ጣት ጥፍር ስትጫኑት ትንሽ ሰርጎድ ካላለ ለጥርስ በጣም ጠንካራ ነው። ቀንድ፣ ሰኮና፣ ድንጋይ ጥርስ ይሰብራሉ። ከሥጋ ቤት ደጃፍ ቀንድ አንስቶ ለውሻ የሚሰጥ ጎረቤት አለኝ፤ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን ለውሻው አላዘኑለትም። በሌላ በኩል በእጃችሁ ቆርሳችሁ የምታነሱት ስፖንጅና ስስ ላስቲክ ደሞ መጫወቻ ሳይሆን ጉርሻ ነው። የምትፈልጉት መሐለኛውን ነው፦ የሚለመጥ ግን የማይቆረስ።

ሆዱን እዩ። ውስጡ የሚጮህ ነገር፣ ጥጥ፣ ባትሪ፣ የተጣበቀ ዓይን፣ አዝራር ካለው አትግዙ። ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ደሞ ለብቻው ነው የማነሳው፤ ጉሮሮ ውስጥ ከተያዘ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላል፣ የውሻም የልጅም።

ቤት ውስጥ ካለው ሥሩ። ያረጀ ጂንስ ሱሪ በረጅሙ ቀዳችሁ ሦስቱን እንደ ሹሩባ ጎንጉኑት፣ ሁለቱን ጫፍ አጥብቃችሁ ቋጥሩ፤ ለውሻ የሚጎተት ጥሩ ነገር ይወጣዋል። ክሩ መመዘዝ ሲጀምር ግን ጊዜው አልቋል፣ ጣሉት። ለድመት አንድ የቆመ እንጨት ላይ የቃጫ ገመድ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙላት፤ ሶፋችሁን ትተወዋለች። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ? አመሏን ማስረሳት አትችሉም፣ ቦታ መስጠት ግን ትችላላችሁ። ካርቶን ሳጥን ስቴፕሉንና ፕላስተሩን አንሱለትና ስጧት፤ ከዚያ የተሻለ የድመት ቤተ መንግሥት የለም። የሃይላንድ ጠርሙስ ለውሻ መስጠት ከፈለጋችሁ ክዳኑንና አንገቱ ላይ ያለውን ቀለበት አውጡ፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ መሰንጠቅ ሲጀምር ውሰዱበት።

ልጅ ሆነን ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን የምንሠራት ኳስ ትዝ አለቻችሁ? ለእኛ ትበቃ ነበር፤ ለውሻ ግን አትበቃም። ካልሲ ይውጣል። ይሄን የምለው ለናፍቆት ብላችሁ እንዳትሰጡት ነው።

የሚበረክት ነገርን በተመለከተ አንድ ታሪክ አለ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ጆ ማርክሃም የሚባል ሰው ፍሪትዝ የሚባል ጀርመን ሼፐርድ ነበረው። ውሻው ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ይጨርስ ነበር። ሰውዬው አሮጌ ቮልስዋገን ሲጠግን አንዲት የሰስፔንሽን ጎማ ወረወረለት፤ ውሻው ድንጋዩን ትቶ እሷን ያዘ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሸጠው ኮንግ የሚባለው መጫወቻ የተወለደው ከዚያ ነው። ከጋራዥ! እኛ ደሞ ከመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ሠርተን የለበስን ሕዝብ ነን። ግን ቸኩላችሁ የጎማ ቁራጭ እንዳትሰጡ፤ የመኪና ጎማ ውስጡ የብረት ሽቦ አለው፣ ካላማዳሪው ደሞ በቀላሉ ይቆረሳል። ጥያቄዬ ለእናንተ ነው፣ ቴክኒክና ሙያ ለገባችሁት የድሮ ተማሪዎቼ፦ ሽቦ የሌለው፣ ወፍራም፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የጎማ መጫወቻ እዚሁ ብትሠሩ ማን ይከለክላችኋል? ገበያው ሰሚት፣ አያት፣ ሲኤምሲ ግቢ ሁሉ ውስጥ ታስሮ ይጮኻል።

መታሰር ካልኩ አይቀር። ውሻን ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አስሮ «ኃይለኛ ነው» ብሎ መኩራት ጀግንነት አይደለም። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ ያልተጫወተ ውሻ ግን በበላበትም ይናከሳል። መጫወቻ የእብድ ውሻ በሽታን አይከላከልም፤ እሱን የሚከላከለው ክትባት ነው። ነገር ግን ከሰው ጋር የሚጫወት ውሻ ለክትባት ሲያዝ አይናከስም፣ ጠባዩ ሲለወጥም ባለቤቱ ቶሎ ያውቃል። ታስሮ የሚውለውን ግን ማን ቀርቦ ያየዋል?

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ዳክዬ።

እሷን የገዛኋት ለታናሹ ልጄ ነበር። ያኔ ዘጠኝ ወሩ ነው። ሐኪሙ ያቺን ክብ ነገር በጓንቱ ላይ አድርጎ ሲያሳየኝ መጀመሪያ ያሰብኩት መቻልን አልነበረም። ስልኬን አውጥቼ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። «ዳክዬዋ የት ናት?» «አፉ ውስጥ» አለችኝ። «አውጪያት! አሁኑኑ አውጪያት!» ለምን እንደምጮህ አልገባትም ነበር።

ወዳጆቼ፣ ያቺ ዳክዬ የውሻ መጫወቻ ተብላ አልተሸጠችልኝም። የልጅ መጫወቻ ናት። ሰፈሩ ሁሉ የሚገዛት፣ ለክርስትና፣ ለልደት ይዘን የምንሄዳት። በውጭ አገር ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሠራ መጫወቻ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ባላት ትንሽ መለኪያ ይፈተናል፤ ሙሉ በሙሉ ገብቶ የሚጠፋ ቁራጭ ካለው ለዚያ ዕድሜ አይሸጥም። እናንተም ቤት ውስጥ መለኪያ አላችሁ፦ የሶፍት ውስጡ ያለችው የካርቶን ቱቦ። ከእሷ ትንሽ ሰፋ ትላለች፤ በውስጧ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለሕፃን አይሰጥም። ዛሬ ማታ ሞክሩት። ነፃ ነው፣ ከጤፍ ላይ አይቀነስም።

«ለውሻ ደሞ ምን መጫወቻ» የሚል አፍ «ለልጅ ደሞ ምን ምርጫ፣ ያገኘውን ይጫወት» ለማለት ሩቅ አይደለም። ሁለቱንም እኔ ብያለሁ። ሻጩን ልጅ አልከስም፤ እሱ ያነሳውን ነው የሚሸጠው፣ ማታ እራቱን ሊበላ። የምከሰው መርምሮ መግዛት የሚችለውን፣ የተማረውን፣ ስለ ጥርስ እያስተማረ ዳክዬ ሳይገለብጥ የገዛውን ሰውዬ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚስቀውን።

ለዚያ ለሚስቅ ፊት ተማሪዬ፦ ልጅ እንደወለድክ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ማርያም ማረቻት። አልተቀየምኩህም። አንድ ነገር ብቻ እንደ ድሮ የቤት ሥራ ልስጥህ፦ ዛሬ ማታ የልጅህን መጫወቻዎች መሬት ላይ ዘርግፍና አንድ በአንድ ጎትታቸው፣ ጠምዝዛቸው፣ ዓይናቸውን ንቀል። የተነቀለውን ፎቶ አንስተህ ኮሜንት ላይ ለጥፍልኝ። ከዚያ በኋላ መሳቅ ከፈለግክ አብረን እንስቃለን።

መልካም ቅዳሜ።